‘አይዞህ’ ማለት ብቻ በማይበቃበት ጊዜ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከታካሚ ጋር የመግባባት ክህሎትን የሚገነቡት እንዴት ነው?

በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የምትገኘው ቡሪ ከሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያ ብዙም አትርቅም። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቀሰቀስ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ የተኩስ ድምፅ ከደረሰባቸው ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ጦሩ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ወደ ካርቱም የሚመለሱ ነዋሪዎች ከፈረሰ ቤት ባሻገር የማይታይ ስብራትም ይጠብቃቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና እክል እንደሚያጋጥመው ይገምታል። የሠለጠነ ባለሙያ በጥቂቱ በሚገኝበት አገር የማድመጡ ሥራ በነርሶች፣ በመምህራንና በበጎ ፈቃደኞች ላይ ይወድቃል። እነዚህ ሰዎች ማድመጥን የሚማሩት እንዴት ነው?

ግንኙነቱ ራሱ መድኃኒት ሲሆን

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እአአ በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ ለፈውስ ወሳኝ ካሏቸው ነገሮች መካከል የታካሚውን ስሜት መረዳትን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበርንና ሳያስመስሉ መቅረብን ጠቅሰዋል። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 ደግሞ የባለሙያና የታካሚ ትስስር በሦስት ምሰሶዎች እንደሚቆም አብራሩ፦ በግብ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማትና መተማመን። በ2018 የታተመ፣ 295 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ትስስሩ ሲጠነክር የሕክምናው ውጤትም እንደሚሻሻል አሳይቷል።

ይህ እውቀት ለሱዳን እንግዳ አይደለም። ከአፍሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆኑት ሱዳናዊው ዶክተር አል-ቲጃኒ አል-ማሂ በለንደን ሠልጥነው ከተመለሱ በኋላ የዛር ሥርዓትን አጥንተዋል፤ ከባህላዊ ፈዋሾችም ጋር ተቀራርበው ሠርተዋል። ኦምዱርማን የሚገኘው የሥነ አእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። ሕመምተኛው ችግሩን በራሱ ቋንቋና እምነት ሲገልጽ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

ዓመታት ብቻቸውን አያስተምሩም

ብዙ ሰው ባለሙያ ባረጀ ቁጥር እንደሚበስል ያምናል። በ2016 የታተመና 170 ባለሙያዎችን ከ6 ሺህ 500 በላይ ታካሚዎች ጋር ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ። የአብዛኞቹ ውጤት በጊዜ ብዛት አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በአማካይ በጥቂቱ ቀንሷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። ቅር ተሰኝቶ የቀረ ታካሚ ተመልሶ ስህተቱን አይናገርም።

ስለዚህ አሠልጣኞች ከሙዚቀኞችና ከስፖርተኞች ተማሩ። ስዊድናዊው ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰን በ1993 ከባልደረቦቻቸው ጋር በቫዮሊን ተጫዋቾች ላይ ባደረጉት ጥናት የላቀ ችሎታን ታልሞ ከሚደረግ ልምምድ ጋር አያይዘውታል። በምክር አገልግሎትም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ክህሎት ብቻ ይመረጣል፤ አንዱ ሠልጣኝ ታካሚ፣ ሌላው አማካሪ ይሆናል፤ ምላሹ ይሰማል፣ ይታረማል፣ ይደገማል። ሲቀልል ይከብዳል፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ይቀልላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ታካሚውን የሚተውነው ሠልጣኝ “ማውራቱ ምን ይጠቅመኛል? የሞቱት አይመለሱ” ይላል። የብዙዎች የመጀመሪያ ምላሽ “አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል” የሚል ነው። ቃሉ ደግ ቢሆንም ጨዋታውን ይዘጋል። በሁለተኛው ሙከራ አማካሪው “ያጣኸውን ምንም ነገር አይመልስልህም፤ እዚህ መምጣትህም ከንቱ ድካም መስሎ ተሰምቶሃል” ሲል የሰማውን ይመልሳል። በሦስተኛው ዝም ብሎ መጠበቅን ይለማመዳል። የድምፅ ቃና፣ ዓይን፣ ‘አንተ’ ወይስ ‘እርስዎ’ የሚለው ምርጫ ሳይቀር ይታረማል።

ታካሚው ሲቆጣም ልምምድ አለ። አማካሪው ራሱን ከመከላከል ይልቅ “ቅድም የተናገርኩት ቅር አሰኝቶዎታል፤ በትክክል አልሰማሁዎትም” ማለትን ይማራል። የሻከረን ግንኙነት በዚህ መልክ ማደስ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው።

ደግነትን መመዘን

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ይፋ ያደረጉት ‘ኢኩዊፕ’ የተሰኘ መርሃ ግብር ይህን ልምምድ ይመዝናል። መሠረቱ በኔፓል የተሠራ መለኪያ ሲሆን፣ 15 ክህሎቶችን በአራት ደረጃ ይለያል። ምስጢር መጠበቅ፣ ስሜትን መረዳትና እውነተኛ ተስፋ መስጠት ከነዚህ ይገኙበታል። ዝቅተኛው ደረጃ ታካሚን ሊጎዳ የሚችል ድርጊትን ያመለክታል፤ መፍረድ፣ መገሠጽ ወይም ምስጢር ማባከንን የመሰለ። እንዲህ ያለው ስህተት በተዋናይ ፊት ቢፈጸም ይታረማል፤ ልጁን በቀበረ አባት ፊት ቢፈጸም ግን ዳግም በር ሊያዘጋ ይችላል።

ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ውጭም ውጤት እንደሚገኝ ዚምባብዌ አሳይታለች። በዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አነሳሽነት በ2006 የተጀመረው ‘የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር’ ሴት አያቶችን በማሠልጠን በጤና ጣቢያ ግቢ ያስቀምጣቸዋል። በሐራሬ 573 ሰዎችን ያካተተ ጥናት የተረዱት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት ከሌሎቹ ይበልጥ መቀነሱን በ2016 አረጋግጧል።

ጀበና የሚጣድበት ባህል ለካርቱምም ለአዲስ አበባም የጋራ ነው። በሁለቱም ከተሞች ሰው ኀዘኑን የሚያወጣው ቡና ዙሪያ ከተቀመጠ ጎረቤት ጋር ነው። ሥልጠናው ይህን ልማድ አይተካም፤ አድማጩ መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ እንደሚጠይቅና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲሰማ ወደ ሐኪም መቼ እንደሚልክ ግን ያስተምራል።