የቆሎ ተማሪ ጎጆ፦ የተማሪ ማደሪያ በደቡብ ጎንደር ደጋ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ከሁሉ የቀደመው የተማሪ ማደሪያ የቆሎ ተማሪ ጎጆ ነው። ጎጆዎቹ በቤተ ክርስቲያን አጥር ዙሪያ፣ ከጥዱና ከወይራው ሥር ተጠጋግተው ይሠራሉ። ሠሪዎቹም ነዋሪዎቹም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጎጆ የማይበቃበት ወይም የሚሠራበት ቦታ የሌለበት ደብር ሲሆን ተማሪው በመቃብር ቤት ያድራል፤ ይህ ልማድ በተለይ በከተማ አድባራት የተለመደ ነው። ጎጆዎቹ የግንብ ታሪክ ስለሌላቸው፣ በየጥቂት ዓመቱም ፈርሰው ስለሚሠሩ፣ ስለ ሊቃውንቱ ብዙ ሲጻፍ ሊቃውንቱ ስላደጉበት ቤት የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህም ጉድለት ነው፤ ያለ ጎጆው ጉባኤው አይዘረጋም ነበርና።

ተማሪ ከቀዬው ርቆ የሚያድርበት ምክንያት ከትምህርቱ አሠራር የመጣ ነው። ፊደል፣ ንባብና ዳዊት በየአጥቢያው ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ግን በየዘርፉ የታወቀ ወንበር አለው፤ ዜማውን የፈለገ ወደ ዜማ ቤት፣ ቅኔውን የፈለገ ወደ ቅኔ ቤት፣ ትርጓሜውን የፈለገ ወደ መጽሐፍ ቤት አገር አቋርጦ ይሄዳል። ደቡብ ጎንደር ከእነዚህ ወንበሮች ታላላቆቹን ይዟል። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓን የተማረ ሁሉ በመጨረሻ እዚያ ቀርቦ ሳይመሰከርለት ሙሉ የድጓ መምህር አይባልም። ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬና መዋሥዕትን የደረሰው በዚያ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የተነሣ ተማሪ የጋይንትን ዳገት ወጥቶ ጎጆ መቀለሱ የማይቀር ነበር።

ደብረ ታቦር ከተማም የራሷ ወንበር አላት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የራስ ጉግሣና የተከታዮቻቸው መቀመጫ በመሆኗ ካህናትና ሊቃውንት ተሰብስበውባታል። በአቋቋም ትምህርት ስሟ የሚነሣው በተክሌ ዝማሜ ነው። በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው በቀልዳቸው አገር ያወቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ይህን የመቋሚያ አያያዝና የሰውነት እንቅስቃሴ ፈጥረው ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩ፣ ስልቱም በልጁ ስም እንደተጠራና በደብረ ታቦር ኢየሱስ እንደተስፋፋ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው ብዙ ነው፤ ተክሌን ሊማሩ የመጡ ተማሪዎች ግን በደብሩ ዙሪያ ያደሩት ለዝማሜያቸው ሲሉ ነበር።

የጎጆው አሠራር ቀላል ነው። ግንዱ ይተከላል፣ ይማገራል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ በሣር ይከደናል። በሩ ጎንበስ ካላሉ አያስገባም፤ ዝቅ የሚደረገውም ብርዱ እንዳይገባ ነው። ውስጡ ከአንድ እስከ ሦስት ተማሪ ይይዛል። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የጭቃ መደብ አለ፤ በላዩ ሣር ወይም ሰሌን ይነጠፋል፤ ቀን የሚለበሰው ደበሎ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል። መካከሉ ላይ ሦስት ጉልቻ ተጎልቷል። ከምሰሶው በተተከለ ችካል ላይ አኮፋዳው ይንጠለጠላል፤ አጠገቡ መቋሚያው ወይም ውሻ መከላከያው በትር ተደግፏል። ጢሱ በጣሪያው ሣር እየሰረገ ስለሚወጣ ክዳኑ ከውስጥ ጥላሸት ይመስላል፤ ያው ጢስ ግን ምስጡን ያባርራል፣ ሣሩንም ያቆየዋል። ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ ተማሪ ጎጆውን ለአዲስ መጪ ይተውለታል። አዲሱ ተማሪ ክዳኑን ቢያድስ፣ ግድግዳውን ቢመርግ ይበቃዋል።

ብርዱ ቀላል አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጀርባዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። ተማሪው በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ቀለሙን ይከልሳል። ሌሊት የሚጠናው አብዛኛው ትምህርት በቃል ስለሆነ መብራት አይጠይቅም፤ ዜማው በጨለማ ይዘለቃል። ብራና ለማየት ግን እሳት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጭራሮ መልቀም የተማሪው የዘወትር ሥራ ነው።

ምግቡ ከመንደሩ ይመጣል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም ራሱ ከስንቁ የወጣ ነው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ከጉባኤው በተረፈው ሰዓት ወደ ገበሬው ደጅ ይወርዳል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። መጀመሪያ የሚመልስለት ብዙ ጊዜ ውሻው ነው፤ የቆሎ ተማሪ እግር ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ የማይታጣውም ለዚህ ነው። እመቤቲቱ ወጥታ ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ አንዳንዴም ድንች ትሰጠዋለች፤ ካልሞላላትም «እግዜር ይስጥልን» ትለዋለች፤ እሱም ሳይከፋ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። የተገኘው ቁራሽ ከየቤቱ የተለያየ ነው፤ ጤፉ፣ ገብሱ፣ አጃው በአንድ አኮፋዳ ይደባለቃል። የተረፈው በፀሐይ ይደርቅና ኮቾሮ ይሆናል፤ ለክፉ ቀናት ይቀመጣል። ክፉው ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ነው። ጎተራው በሚሟጠጥበት በሐምሌና በነሐሴ ሰጪው ራሱ ይቸገራል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፤ የተማሪውም አኮፋዳ ባዶውን ይመለሳል።

ልመናው የውርደት ሳይሆን የትምህርቱ አካል ተደርጎ ይታያል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ቁራሽ መለመን ይጠበቅበታል። የአባቱ ስምና ሀብት በጎጆው መንደር ዋጋ የለውም፤ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚጠራሩትም ብዙ ጊዜ በመጡበት አገር ነው። በዚህ ሥርዓት ገበሬው ሳይጽፍና ሳይፈርም የትምህርቱን ወጪ ሲሸፍን ኖሯል። የደቡብ ጎንደር ሊቃውንት ታሪክ ሲጻፍ የፋርጣ፣ የእስቴና የጋይንት ገበሬ እናቶች በባለውለታነት መጠቀስ ይገባቸዋል።

ጎጆው ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ጉባኤ ነው። የኔታ አንድ ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል፤ ማታ በጎጆው ደጅ የተማረውን ያስደግመዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ያወጣል፤ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ወደ የኔታ ከማቅረቡ በፊት ግን ለጎጆ ጓደኛው ያሰማዋል። ዜማው የጎደለ፣ ቤቱ የተፋለሰ እንደሆነ የመጀመሪያው እርማት የሚመጣው ከዚያው መደብ ላይ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ለየኔታ መታዘዝም በተራ ይደረጋል፤ የታመመውን የሚለምንለትም ጓደኛው ነው።

የጎጆው ሕይወት ጉዳትም ነበረው፤ ዛሬም አለው። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሠሩና በሣር ስለሚከደኑ ከአንዱ የተነሣ እሳት ሌሎቹን ይበላል፤ ተማሪው ለዓመታት የጻፈው ድጓ አብሮ ሊነድ ይችላል። በአንድ ደበሎ ለሁለት መተኛት፣ ልብስ ለማጠቢያ ውኃና ሳሙና ማጣት ቅማልንና እከክን ያራባሉ። ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ የተማሪ መንደር የቆዩ ጠላቶች ናቸው፤ በጎንደር ከተማ በቆሎ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናትም እከክ በመካከላቸው በስፋት እንደሚገኝ አሳይቷል። መከራውን የትምህርቱ ጌጥ አድርጎ ማወደስ ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ትሕትናን የሚያስተምረው ቁራሹ እንጂ ተስቦው አይደለም፤ በሽታው ያስቀራቸው ልጆች ሊቅ ሳይሆኑ ቀርተዋል።

ተማሪን ማሳደር ከትምህርት ጋር አብሮ መወለዱ በሌላውም ዓለም የታየ ነው። በፓሪስ ሮቤር ደ ሶርቦን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1257 ያቋቋመው ሶርቦን መጀመሪያ ለድሆች የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ የታሰበ ቤት ነበር፤ «ኮሌጅ» የሚለው ስም ለማስተማሪያው ከመዋሉ በፊት አብረው የሚኖሩ ተማሪዎችን ማኅበር ይመለከት ነበር። በካይሮ አል አዝሃር መስጊድ ተማሪዎች በየአገራቸው ሪዋቅ በሚባል ክፍል ያድሩ ነበር፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢው የሄዱ ሙስሊም ተማሪዎችም የጀበርት ሪዋቅ ነበራቸው። በወሎም ደረሳው ከሼኁ ዙሪያ ጎጆ ሠርቶ ኪታብ ሲቀራ የኖረው ከቆሎ ተማሪው በማይርቅ ኑሮ ነው።

በዚህ ማደሪያ ለሴት ልጅ ቦታ አልነበረም። በጎጃም የቅኔ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለዚያ የበቁት የአባታቸው ቤት ራሱ ቅኔ ቤት ስለነበረ ነው። ጎጆ ቀልሳ፣ አኮፋዳ አንግታ አገር ለአገር የምትዞር ልጃገረድ አትታሰብም ነበር። ስንት ሴቶች በማደሪያ እጦት ከቅኔው እንደቀሩ የእርሳቸው ብቸኝነት ይናገራል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ መምህራኑን የሚያኖረው ገቢም ነጠፈ። በዚያው ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተስፋፋ ሄደ፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን በከተማ ስለነበር የገጠሩ ልጅ እንደገና ከቀዬው መውጣት ነበረበት። አሁን የሚያድረው በኪራይ ቤት ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ልጆች ወይም ዘመዳሞች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት እንዳለቀ በእግራቸው ወደ አገራቸው ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ እንጀራውን በኩርቱ ፌስታል ወይም በአገልግል፣ ሽሮውን በጨርቅ ቋጥረው ይመለሳሉ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፤ ሐሙስና ዓርብ ድርቆሽ ወይም በሶ ነው። በኩራዝ፣ በኋላም በአንዲት አምፖል ሥር ተኮልኩለው ያጠናሉ። እዚህም ጎበዙ ሌሎቹን ያስጠናል። ሴት ልጆች ግን ከትምህርቱ ሌላ የቤቱን ሥራ፣ የመንገዱን ስጋትና የሚያስቸግር አከራይን ችለው ነው የሚማሩት፤ ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የማደሪያ ጉዳይ ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ ሲቀበል ወደ ከተማዋ የገባው ሌላ ዓይነት ማደሪያ ነው። ፎቅ ዶርም፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ሎከር፣ ካፌ፣ በር ላይ መታወቂያ የሚያይ ጥበቃ፣ በየሕንፃው ፕሮክተር። ተማሪውን የሚመድበው መንግሥት ስለሆነ፣ አፋቸውን በተለያየ ቋንቋ የፈቱ ልጆች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ከቆላ የመጣው ፍሬሽ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገዛው ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። የሴቶች ዶርም የተለየ በመሆኑ ለሴቷ ተማሪ ጎጆውም ኪራይ ቤቱም ያልሰጧትን የራሷን አልጋ ሰጥቷታል፤ ከዚህ ሁሉ ለውጥ ትልቁ ይህ ነው። ዋጋውም በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ካፌ የማይበላው «ነን ካፌ» ይባላል፤ በገንዘብ ተቀብሎ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ይመገባል።

የጎጆው መንደር በዚህ ሁሉ መካከል አልጠፋም። በቤተልሔም፣ በዙር አባና በደብረ ታቦር አድባራት ተማሪዎች ዛሬም ከየአገሩ ይመጣሉ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎች በጎ አድራጊዎች በተለያዩ የአብነት ትምህርት ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ማደሪያዎች፣ የውኃና የመጸዳጃ ሥራዎች እያሠሩ ነው። ቆርቆሮው ከእሳት ስጋት ያድናል፤ በየዓመቱ ሣር ማጨድንም ያስቀራል። የደጋውን ሌሊት ብርድ ግን እንደ ሣር ክዳን አይከላከልም፤ በአዲሱ ቤት የሚያድረው ተማሪም ደበሎውን ገና አልጣለም።