ብርሃን ያበቀለው ሣር፦ የታምፓ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ



አበው «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የውኃም የነገርም ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የታምፓ ባሕረ ሰላጤ እንዴት እንደተጎዳ፣ እንዴት እንዳገገመ፣ ማገገሙስ ስለ ምን ጸንቶ እንዳልቆየ እንመረምራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1950 ገደማ የባሕረ ሰላጤው ወለል 16 ሺህ ሄክታር ያህል በባሕር ሣር የተሸፈነ ነበር። ሣሩ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ፣ ማናቲ ለተባለው ግዙፍ የባሕር አጥቢ እንስሳ ደግሞ መኖ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነዋሪው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ በቅጡ ያልተጣራ የከተማ ፍሳሽ ወደ ውኃው ይገባ ነበር። ፍሳሹ የተሸከመው ናይትሮጅን ደቃቃ ዋቅላሚዎችን አፋፋ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ የፀሐይ ብርሃንም ወለሉ ላይ መድረስ ተሳነው። በ1982 የተረፈው ሣር 8,800 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር።

በ1972 የግዛቲቱ ምክር ቤት ወደ ባሕረ ሰላጤው ፍሳሽ የሚለቁ ጣቢያዎች የላቀ የማጣሪያ ደረጃ እንዲያሟሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የታምፓ ከተማ ጣቢያም በ1979 በዚሁ ደረጃ መሥራት ጀመረ። ውጤቱ ወዲያው አልታየም፤ ውኃው እስኪጠራ ዓመታት ወሰደ። በ1990ዎቹ የአካባቢው መስተዳድሮች፣ የማዳበሪያ ፋብሪካዎችና የኤሌክትሪክ ኃይል አምራቾች በአንድነት ተሰባስበው፣ ሕዝቡ ቢጨምርም የናይትሮጅኑ መጠን እንዳይጨምር ተስማሙ። በ2016 ሣሩ ወደ 16,800 ሄክታር ደረሰ። ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ሣር የተከለው ሰው አልነበረም። ሰው ብርሃኑን መለሰ፤ ሣሩ ራሱ በቀለ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንቋጨው ያማረ የድል ታሪክ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ በ2022 ሣሩ ወደ 12,200 ሄክታር አሽቆልቁሎ ተገኘ። ብዙዎች በ2021 ፓይኒ ፖይንት ከተባለው የቀድሞ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግቢ የተለቀቀውን ከ800 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውኃ ያስታውሳሉ። ያ ልቀት ብርቱ ጉዳት መሆኑ አያከራክርም። የጊዜ ቅደም ተከተሉን የሚያስተውል የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ያያል፦ በ2020 የተደረገው ልኬት ሣሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ 13,900 ሄክታር መውረዱን አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የጥፋቱን ሁሉ ሥር በአንድ አደጋ ላይ መጣል አይቻልም።

በእኔ አመለካከት የሁለቱ ዘመናት ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። የ1972ቱ ሕግ የተነጣጠረው ቁጥራቸው በሚታወቅ ቱቦዎች ላይ ነበር፤ ባለቤታቸውም ይታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ናይትሮጅኑን ዝናብ ከየግቢው፣ ከየመንገዱና ከየማሳው አጥቦ ያመጣዋል። በዚህ ላይ የውኃው ሙቀት መጨመር ታክሎበታል። ተከሳሹ አንድ ሲሆን ሕግ ማውጣት ይቀላል፤ ሁሉም የድርሻውን ሲያዋጣ ግን ጥፋቱ ባለቤት ያጣል። የቀደመው ትውልድ ያተረፈውን ውኃ ማቆየት የዛሬው ትውልድ ዕለታዊ ሥራ ነው። የታምፓ ነዋሪዎች ይህን ሥራ ይወጡት እንደሆነ የሚወስነው ገና የሚመጣው ልኬት ነው።