ማሽኑ ጮኸ

ከአናት በስተኋላ ካለው ፀጉር የእርሳስ ውፍረት የሚያህል ከሥሩ ተቆርጦ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ፀጉር የ3 ወር ታሪክ ይይዛል ተብሎ ይታሰባል። የሽንት ምርመራ የሚናገረው የጥቂት ቀናትን ወሬ ነው፤ ፀጉር ግን ወደ ኋላ ይነበባል። ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ ሎግ ፋይል ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ወድጄው ነበር። አንዲት እናት "ኮኬይን አልነካም" ስትል ማመን አለማመን ሳያስፈልግ፣ ፀጉሯን ጠይቆ መገላገል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ለመገላገል ስለተሞከረበት አንድ ላብራቶሪ ነው። ቦታው ካናዳ፣ ቶሮንቶ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማዘሪስክ በ1985 ሲክ ኪድስ በሚባለው ስመ ጥር የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ሲቋቋም ሥራው ሌላ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴቶች "ይህን መድኃኒት ብወስድ ፅንሱን ይጎዳዋል ወይ?" ብለው የሚጠይቁበት የምክር አገልግሎት ነበር። ጊዜው ግን ሰሜን አሜሪካ በክራክ ኮኬይን የተሸበረችበት ነው። በ1989 በአሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ይመረምር ጀመር። 30 ሴቶች ታሰሩ፤ 29ኙ ጥቁሮች ነበሩ። ለፖሊስ ማስረጃ ተብሎ ያለ ፈቃዳቸው መመርመር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ፍተሻ ነው ብሎ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ2001 ነው።

በዚያው በ1989 የማዘሪስክ መሥራች ዶክተር ጌዴዎን ኮረን እና ባልደረቦቹ ሁለት ጥናቶች አሳትመዋል። አንደኛው እናት በእርግዝና ጊዜ የወሰደችው ኮኬይን በፀጉር ምርመራ ሊታወቅ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ላንሴት ላይ የወጣ ሲሆን ያስገረመኝም እሱ ነው። ለአንድ የሕፃናት ሕክምና ተመራማሪዎች ጉባኤ ከ1980 እስከ 1989 የቀረቡ ጥናቶችን ቆጠሩ። ኮኬይን ፅንስን ይጎዳል ካሉት 49 ጥናቶች 28ቱ ለጉባኤው ተቀባይነት አገኙ። ጉዳት አላገኘንም ካሉት 9 ግን ያለፈው አንድ ብቻ ነው። ደግሞ እናትየዋ በእርግጥ ኮኬይን መውሰዷን ይበልጥ ያጣሩት እነዚህ ውድቅ የተደረጉት ነበሩ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ውጤት ሳያጣራ እንደሚቀበል በቁጥር ያሳየው እንግዲህ ይኸው ቡድን ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የኦንታሪዮ ግዛት የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች የወላጆችን ፀጉር እየቆረጡ ወደ ማዘሪስክ መላክ ለመዱ። ከ2005 እስከ 2015 ብቻ ከ16,000 በላይ ሰዎች ለዚህ ሥራ ተመርምረዋል።

ችግሩን በምናውቀው ነገር ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ፍተሻ የሌለበት ትልቅ ሕንፃ የለም። በሩ ላይ ማሽኑ ሲጮህ ጥበቃው ሮጦ ካቴና አያመጣም። ቀበቶ ሊሆን ይችላል፣ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። "እስቲ ኪስህን" ይላል፣ ያያል፣ ያሳልፍሃል። ኢሚዩኖአሴይ የሚባለው የመጀመሪያ ማጣሪያ ምርመራም እንደዚሁ ነው። የሚፈለገውን ኬሚካል የሚመስል ሌላ ነገርም ሊያስጮኸው ይችላል፣ የሚያወጣው ቁጥርም ግምት ነው። ውጤቱ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ከሆነ ኪሱ መታየት አለበት፤ ማለትም እንደ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ባለ ጠንካራ ዘዴ መረጋገጥ አለበት። ማዘሪስክ እስከ 2010 ድረስ የማጣሪያውን ቁጥር ያለዚህ ማረጋገጫ እንደ መጨረሻ ውጤት ይሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር የሚለይ ኮድ ጽፌ ነበር። ከጎኑም "በሰው ይታይ" የሚል ማስታወሻ አኑሬያለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ቡድን ያንኑ ምልክት ወስዶ አካውንት መዝጊያ አድርጎት አገኘሁት። ማስታወሻዬን ያነበበ የለም። ክፉ ሰውም አልነበረም፤ ስክሪን ላይ የወጣ ቁጥር ያለቀለት ነገር ስለሚመስል ነው። የእኛ ስህተት በአንድ ሳምንት ተስተካከለ፣ የተዘጋውም ተከፈተ።

የማዘሪስክ ጉድለት የማረጋገጫ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ፀጉር ኮኬይንን ከውጭም፣ ከጭስና ከእጅ ንክኪ ሊይዝ ይችላል፤ ላብራቶሪው ግን ናሙናውን ከምርመራ በፊት አዘውትሮ አያጥብም ነበር። አልኮል ጠጥተዋል አልጠጡም የሚለውን ለማወቅ የሚለካቸው ኬሚካሎች ደግሞ አልኮል ያለበት የፀጉር ስፕሬይ ብቻ ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። ጥቁር ፀጉር ከነጣ ፀጉር ይልቅ ኮኬይንን አጥብቆ እንደሚይዝም ጥናቶች ያሳያሉ። ቶሮንቶ ብዙ የእኛ ሰው ያለባት ከተማ ናት። ይህን ሳነብ እዚያ ያሉት የአክስቴ ልጆች፣ ሹሩባቸውና በመታጠቢያ ቤታቸው የተደረደረው የፀጉር ቅባት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የመውጫው በር ነገር ነው። ፀጉሬን አልሰጥም ያለች እናት የምትደብቀው ነገር አላት ተባለች። ሰጥታ ውጤቱ ሲወጣ "ስህተት ነው፣ አልወሰድኩም" ያለችው ደግሞ ችግሯን የማታምን ሱሰኛ ተባለች። ወስጃለሁ ብትል ያው ወስዳለች። በየትኛውም መልስ መጨረሻው አንድ ነው። ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ባግ ነው ብሎ ይመልሰው ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በወንጀል ክስ በኩል ነው። አንዲት እናት ለሕፃን ልጇ ኮኬይን ሰጥታለች ተብላ በ2009 ተፈረደባት፤ ከዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ማዘሪስክ የመረመረው የልጁ ፀጉር ነበር። ይግባኙ ላይ ከሌላ ግዛት የመጣ የመርዝ ሳይንስ ባለሙያ የምርመራውን ዘዴ ገለጠና ተቸው። በ2014 የኦንታሪዮ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከኮኬይን ጋር የተያያዘውን ፍርድ ሻረ። ከዚያ የቀድሞዋ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሱዛን ላንግ ላብራቶሪውን እንዲመረምሩ ተሾሙ። በታኅሣሥ 2015 ያወጡት ሪፖርት፣ የአሥር ዓመቱ የፀጉር ምርመራ ለሕፃናት ጥበቃም ሆነ ለወንጀል ችሎት የማይበቃና የማይታመን ነበር ይላል። ላብራቶሪው የፍርድ ቤት ማስረጃ ሥራ የሚጠይቀውን ደረጃ አያሟላም፣ ሠራተኞቹም በዚያ ሙያ አልሠለጠኑም ነበር። ሆስፒታሉ ምርመራውን በ2015 ዘጋ፣ ይቅርታም ጠየቀ። የግዛቱ መንግሥትም የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች በፀጉር ምርመራ እንዳይጠቀሙ አዘዘ።

የማኅበራዊ ሠራተኞቹን ነገር ቀላል ማድረግ አልፈልግም። ሱስ አለ፤ የሚሞት ሕፃንም አለ። ማታ አራት ሰዓት ላይ "ይህን ልጅ እዚህ ቤት ልተወው ወይስ ልውሰደው?" ብሎ መወሰን ከእኔ ሥራ ጋር አይነጻጸርም። ግን ምርመራው ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ አይደለም። ፀጉር ባለፉት ሦስት ወራት ምን ወደ ሰውነት እንደገባ ቢናገር ነው። ልጁ ራቱን በላ ወይ፣ እናቱ ስትወጣ ከማን ጋር ትተወዋለች፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ትወስደዋለች ወይ? ይህን ለማወቅ ቤቱ መሄድ፣ ተቀምጦ ማየት፣ ጎረቤትና አያት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከትልቅ ሆስፒታል የመጣ ቁጥር ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀር መሰላቸው።

ዳኛ ጁዲት ቢማን የመሩት ኮሚሽን ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ቆይቶ በየካቲት 2018 ሪፖርቱን አወጣ። ከ1,200 በላይ ጉዳዮችን ያየ ሲሆን፣ በ56ቱ የፀጉር ምርመራው ውሳኔውን በእጅጉ እንደለወጠው አረጋገጠ። ከቤተሰቦቹ መካከል የካናዳ ቀደምት ነዋሪ ሕዝቦች ከብዛታቸው በላይ ድርሻ ነበራቸው፤ አብዛኞቹም ድሆች ናቸው። ኮሚሽኑ ነፃ ጠበቃና የምክር አገልግሎት አቀረበላቸው። ልጅ ወደ ወላጁ የተመለሰው ግን በጣት በሚቆጠሩ ጉዳዮች ብቻ ነው። በኦንታሪዮ ሕግ ጉዲፈቻ አንዴ ከጸደቀ የመጨረሻ ነው። በ2005 በሁለት ዓመቱ የተወሰደ ልጅ ሪፖርቱ ሲወጣ 15 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፣ ጓደኞቹ ሌሎች ናቸው፣ እማዬ የሚላትም ሌላ ሴት ናት።