ለቀማ፦ ኮድ ከመዋሃዱ በፊት

ለቀማ (ስም)፦ የፕሮግራም ኮድን ሳያስኬዱ፣ በማሽን ንባብ ብቻ፣ ግድፈቱን ነቅሶ ማውጣት። ባለሙያዎች «ሊንት» ወይም «ሊንቲንግ» ይሉታል። የሚለቅመው ፕሮግራም «ለቃሚ» ይባል።

የቃሉ ምንጭ፦ ሊንት በእንግሊዝኛ ልብስ ላይ የሚቀር ብናኝ ክር ነው። የቤል ላቦራቶሪው ስቲቨን ጆንሰን የሲ ቋንቋ ኮድን አንብቦ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በዝምታ ያሳለፈውን አጠራጣሪ መስመር የሚጠቁም ፕሮግራም ሠርቶ በዚህ ስም ጠራው፤ ስለ ፕሮግራሙም በ1978 ጻፈ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለምን «ለቀማ»? «ፍተሻ» ሰፊ ቃል ነው፤ ኮዱን አስኪዶ መሞከርንም ያጠቃልላል። «ማበጠር» ገለባውን ያስወግዳል እንጂ ፍሬ የመሰለውን ጠጠር አያወጣም። ምስር የምትለቅም እናት ግን ትሪ ላይ ዘርግታ፣ በዓይኗ እየተከተለች፣ በጣቷ ታወጣዋለች። ከነጠላ ላይ ብናኝ ስናነሳም የምንለው «መልቀም» ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛውን ሥዕል ሳይጥል ከጓዳችን ይወጣል።

የት ይለቀማል? በ«ፑል ሪኩዌስት» ላይ። በአጭሩ ፒአር ይባላል። ቃል በቃል «የመሳብ ጥያቄ» ቢሆንም፣ ፕሮግራመሩ የሚለው «ለውጤን ወስዳችሁ ከዋናው ኮድ ጋር አዋህዱልኝ» ስለሆነ «የማዋሃድ ጥያቄ» ቢባል ይሻላል። የኮድ ማከማቻ አገልግሎቱ ጊትላብም «መርጅ ሪኩዌስት» ይለዋል። ጥያቄው ሲቀርብ እንደ ጊትሃብ አክሽንስ ያለ አገልግሎት አዲስ ማሽን አስነስቶ ኮዱን ያወርዳል፣ ለቃሚውን ያስነሳል፣ ሙከራዎቹን ያስኬዳል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ምልክት ይታያል። ቡድኑ ፍተሻውን ግዴታ ካደረገው፣ ቀዩ እስኪጠፋ ማዋሃድ አይቻልም።

የአንዲት ጠጠር ዋጋ በፌብሩዋሪ 2014 ታየ። አፕል ለአይፎን አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፤ የተመሰጠረ ግንኙነትን በሚጠብቀው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» የሚለው ትእዛዝ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ሁለተኛው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ስለሚዘል፣ ከሥሩ ያለው የሰርቨሩን ፊርማ የሚያረጋግጥ ኮድ ሳይደረስበት ይቀር ነበር። በመሃል የገባ አጥቂ ራሱን ትክክለኛው ሰርቨር አስመስሎ መቅረብ ይችል ነበር ማለት ነው። የማይደረስበትን ኮድ የሚፈልግ ለቃሚ ይህን ይጠቁማል። ለሰው ዓይን ግን ምስር መካከል ያለ ምስር መሳይ ጠጠር ነው።

ለለቀማ የምሟገተው ለጥራት ብቻ ብዬ አይደለም። ጀማሪ ፕሮግራመር የመጀመሪያ ሥራውን አቅርቦ «ክፍተት ጎድሏል፣ ይህ ስም ሥራ ላይ አልዋለም» የሚሉ አሥር አስተያየቶች ከታላላቆቹ ሲደርሱት አንገቱን ይደፋል። ያው እርማት ከማሽን ሲመጣ አርሞ ያልፋል። ገምጋሚውም ጊዜውን ለከባዱ ጥያቄ ያውለዋል፦ ይህ ለውጥ ያስፈልጋል ወይ? ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከደንበኛው ሁለት ጊዜ ሂሳብ ይቆረጣል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጥንቃቄ፦ ደኅናውን ፍሬ ሁሉ ጠጠር ነው የሚል ለቃሚ ሰውን ያሰለቻል፤ ሲቆይ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ይጠፋል። ቡድኑ በተስማማባቸው ጥቂት ደንቦች ይጀምር። የቆየ ኮድ ካለ፣ መጀመሪያ አዲስ የተለወጡት መስመሮች ብቻ ይለቀሙ።

አጠቃቀም፦ «ጥያቄሽ ለቀማውን አልፏል፤ አሁን ቁጭ ብለን ሐሳቡን እንየው።»