የአሮጌ ኮምፒውተር ዊኪ ስትከፍቱ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ኮሞዶር 64 በ1982 ገበያ ላይ የዋለ ኮምፒውተር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬም እየጠገኑ የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው። አንድ የታወቀ ጠንቅ ግን አለበት፦ አዳፕተሩ ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው ከዚያ በላይ ይለቅና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። ይህን ሳያውቅ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው... አለቀለት። ኩባንያውን እንዳይጠይቅ በ1994 ከስሮ ተዘግቷል።

እንዲህ ያለው እውቀት ያለው በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ነው። ዊኪ የሚከፈተውም ለዚህ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርመዋል፣ ማን ምን እንደቀየረም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

የት ይከፈት? እንደ ፋንደም ባሉ ቦታዎች በነፃ መጀመር ይቻላል፤ የሰርቨር ኪራይ የለ፣ ጣጣ የለ። ግን ማስታወቂያውን የሚያስገባውም ደንቡን የሚያወጣውም ድርጅቱ ነው። የማይንክራፍት ዊኪ አዘጋጆች በ2023 ከፋንደም ሲወጡ ጽሑፉን ይዘው መሄድ የቻሉት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተጻፈ ስለነበር ነው። አሮጌው ቅጂ ግን እዚያው ስለቀረ ለአንድ ጨዋታ ሁለት ዊኪ ሆነ። የጂኦሲቲስ ገጾች ዕጣ የባሰ ነበር፤ ያሁ በ2009 ሲዘጋው በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ያተረፉት ከፊሉን ብቻ ነው።

በራስ ለመክፈት ሶፍትዌሩ አያስቸግርም። ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ነፃ ነው፤ አነስተኛ የኪራይ ሰርቨር ይበቃዋል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዶሜኑ ነው። በአንድ ሰው ስም ብቻ ከተመዘገበ፣ ሰውየው ቢኮርፍ ወይም ክፍያውን ቢረሳ የሁሉም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። እድር ውስጥ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለምን የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ? እዚህም እንደዚያው አድርጉት፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሦስት ሰው ይያዘው።

ፈቃዱን ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ። በኋላ እንቀይር ቢባል እያንዳንዱን ጸሐፊ ፈልጎ ማስፈቀድ ሊመጣ ነው።

ባክአፕ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሚዲያዊኪ በኤክስኤምኤል የሚያወጣው ፋይል ጽሑፉንና የእርማቱን ታሪክ ይይዛል፤ ፎቶዎቹ ግን በተለምዶ አብረው አይወጡም፣ የአባላቱ አካውንትም የለበትም። ፎቶዎቹንና ዳታቤዙን ለየብቻ ቅዱ፣ ቅጂውንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት። የኤክስኤምኤሉንና የፎቶዎቹን ቅጂ ማንም አባል ማውረድ ይቻለው (ዳታቤዙ የሰው ኢሜይል ስላለበት ይቅር)። ነገ አስተዳዳሪዎቹ ቢያስቸግሩ ሌላ ቦታ መክፈት የሚቻለው በዚያ ነው።

ምዝገባ ክፍት ሲሆን ቦቶች መጉረፋቸው አይቀርም። አዲስ ገቢን ስለ ማሽኑ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብዙውን ያስቀራል። "ኮሞዶር 64 ስንት ኪሎባይት ሜሞሪ አለው?" ግን አትበሉ፤ መልሱ ስሙ ላይ አለ 😄

እኛም ጋር ለእንዲህ ዓይነት ዊኪ የሚሆን ነገር ሞልቷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮቹ ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚያስቀምጡት። የዚያን ጊዜ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ስትከፍቱት የማይነበብ ምልክት ብቻ የሚያሳያችሁ ለዚህ ነው። የትኛው ሶፍትዌር የትኛውን ፊደል በየትኛው ኮድ እንዳስቀመጠ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካለ ግን ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል።