ከይፋት ወፍጮ እስከ ጄት ሞተር፦ ስለ መበላትና ስለ ማደስ አጭር የታሪክ ጥናት

የአገራችንን የመኪና ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ይህ መኪና በዚህ ዓመት ገባ፥ ያ ፋብሪካ በዚያ ዓመት ተመረቀ እያሉ ነው። ከተመረቀ በኋላ የትኛው ክፍሉ ተበላ? ማን አደሰው? በምን መሣሪያ? ብለው የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ የምናነሣው ሩቅ ለሩቅ ከሚመስሉ ሁለት ነገሮች ተነሥተን ነው። አንደኛው በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚታወቀው የድንጋይ ወፍጮ ነው፤ ሁለተኛው በጄት ሞተር ተርባይን ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የተሠራው የብረት ማሸጊያ ነው። ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው፤ መኪና የአገር ገንዘብ የሚሆነው፥ አገሩ እንዲበላ የተሠራውን ክፍል በራሱ እጅ ማደስ ሲችል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከደብረ ሲና ቁልቁል በሚወረድበት ቆላ ትገኛለች። የይፋት አገር ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት የታወቀ ሲሆን፥ በደጋውና በባሕሩ መካከል የንግድ በር ሆኖ ኖሯል። የቆላው ዋና እህል ማሽላ ነው። ማሽላውንም በእጅ የምትፈጭ ሴት ሁሉ የምታውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ድንጋዩ ይለሰልሳል። መጁ በወፍጮው ላይ በተመላለሰ ቁጥር የድንጋዩ ሸካራነት እየጠፋ ሄዶ፥ በመጨረሻ እህሉ ሳይደቅ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱ ያው ሆኖ ዱቄቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ወፍጮው ይወቀራል፤ ማለት በጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት እየተመታ ሸካራነቱ ይመለሳል። ወፍጮ መውቀር ዕውቀት ነው፤ ጥቂት ቢወቀር ጥቅም የለውም፥ ያለ ልክ ቢወቀር ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል፥ አሸዋውም ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላል። የቤቲቱ እመቤት የወፍጮዋ ሠራተኛም ጠጋኝም ነበረች።

አሁን ከቆላው ወደ አንኮበር እንውጣ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በመጣ ጊዜ የተመለከተውንና የሰማውን በመጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። በጽሑፉ እንደ ተረከው፥ ዲሜጥሮስ የሚባል ባለ እጅ ለንጉሡ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉት ቀረ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአባቶቻችንን አዲስ ነገር አለመውደድ ለማሳየት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። ያ የውኃ ወፍጮ ዓመት ቢፈጭ ኖሮ ድንጋዩ መወቀር ያስፈልገው ነበር፤ የመውቀር ዕውቀት ደግሞ በአንኮበርም በይፋትም በየቤቱ ነበረ። የጎደለው፥ የመኪናውን ሠሪና የቤቱን ጠጋኝ የሚያገናኝ ሰው ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ በመቅረታቸው መኪናው የእንግዳ ነገር እንደ ሆነ ተተወ።

ለመገናኘታቸው ትልቅ መሰናክል የነበረው ለባለ እጅ የሚሰጠው ንቀት ነው። ማረሻውን የሚያበጀውን፥ ጦሩን የሚስለውን ሰው ቀጥቃጭ፥ ቡዳ እያለ የሚሰድብ አገር፥ ጠጋኝን በእጁ እየፈለገ በአፉ ያባርረዋል። በአንኮበር ነግሠው የነበሩት አጼ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን በ1908 በአዋጅ መከልከላቸው፥ ችግሩ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ የጥገናን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ግን ከብዙ የፋብሪካ ምርቃት ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣው መኪና ካሚዮን ነው። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የጣርማ በርን ዋሻ ከፈቱ፤ መንገዱም ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት በጥቂት ሰዓት ያወርድ ጀመር። በዚህ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ የሚያስበው ስለ ፍሬን ሸራ ነው። የፍሬን ሸራ እንዲበላ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እርሱ ተበልቶ ታምቡሩን ያድናል። ሸራው ያለቀ እንደ ሆነ ርካሹን የሚለውጥ ሾፌር ከኪሳራ ይድናል፤ ቸል ያለ ግን ውዱን ያበላሻል። አንባቢ ይህን ምሳሌ ቢይዝልን የጄት ሞተሩን ነገር ለማስረዳት ይቀለናል።

ተርባይን በትኩስ ጋዝ ግፊት የሚዞር መንኮራኩር ነው። በዙሪያው ብዙ ምላጮች ተተክለውበታል፤ ምላጮቹም በቋሚ ቅል ውስጥ ይዞራሉ። በምላጩ ጫፍና በቅሉ መካከል ክፍተት የግድ መኖር አለበት። ክፍተቱ የሰፋ እንደ ሆነ ጋዙ ሥራ ሳይሠራ ሾልኮ ያልፋል፤ የጠበበ እንደ ሆነ ምላጩ ከቅሉ ጋር ይፋጫል። ቻርልስ ፓርሰንስ በ1884 የእንፋሎት ተርባይኑን ከሠራ ጀምሮ መሐንዲሶች የታገሉት ከዚህ ሹልኮሽ ጋር ነው። በጄት ሞተር ደግሞ ትግሉ ይበረታል፤ በዘመናዊው ሞተር ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ትኩሳት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፥ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍም ምላጩና ቅሉ እኩል አይሰፉም፥ እኩልም አይሰበሰቡም። ስለዚህ መነካካታቸው አልፎ አልፎ የማይቀር ነው።

የተገኘው መላ መነካካቱን ጉዳት እንዳያመጣ አድርጎ መቀበል ነው። የቅሉ ውስጠኛ ገጽ ትኩሳት ከሚችል የኒኬል ቅይጥ በተሠራ ስስ ቅጠል ይለበሳል። የቅጠሉ ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ የማይበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ተጣጥፎ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ይሠራል፥ የቀዳዳውም ስፋት ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው። ከምላጩ ጫፍ ያለው ስል ጠርዝ ይህን የማር እንጀራ ሲነካ፥ ቅጠሉ ስስ ስለ ሆነና አብዛኛው ቦታ ባዶ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሙቀት ሳይፈጠር የራሱን መንገድ ቈርጦ ያልፋል። ጋዙም በየቀዳዳው እየገባ ስለሚሽከረከር ፍጥነቱን ያጣል፤ ሹልኮሹ ይቀንሳል። እንግዲህ የማር እንጀራው የተርባይኑ ፍሬን ሸራ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱ ተበልቶ ምላጩን ያድናል።

ነገር ግን መበላቱ ወሰን አለው። ስል ጠርዙ የቈረጠው ቦይ ከበረራ ብዛት እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል፤ ስሱ ቅጠል በትኩሳት ይዝጋል፥ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ማጣበቂያው ለቆ ቁራጩ ይነቀላል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል፥ የጭስ መውጫውም ትኩሳት ከፍ ይላል። እህሉ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ እንደሚንሸራተት ሁሉ፥ ጋዙም በሰፋው ክፍተት ሥራ ሳይሠራ ያመልጣል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው በቦሌ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ጭነት ይዞ የሚነሣ አውሮፕላን ሞተር ከቆላ አገር ይልቅ ይጨነቃል፤ ስለዚህ የተበላ ማሸጊያ ጉዳቱ ለእኛ የከፋ ነው።

ማደሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አሮጌው የማር እንጀራ ተፍቆ ይወጣል፤ ሥሩ ያለው ብረት ስንጥቅ እንዳለው ይመረመራል። አዲሱ በልኩ ተቈርጦ በነጥብ ብየዳ ይያዛል፤ ቀጥሎ በሚቀልጥ የኒኬል ቅይጥ፥ አየር በወጣለት እቶን ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይጣበቃል። ማጣበቂያው ያነሰ እንደ ሆነ ቅጠሉ ይነቀላል፤ የበዛ እንደ ሆነ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ያጠጥራቸዋል፥ ያን ጊዜም ሊያድነው የተሠራውን ስል ጠርዝ ይበላዋል። በመጨረሻ ዙሪያው በልክ ይፈገፈጋል። ወፍጮ የምትወቅረው ሴት የምታውቀው የልክ ነገር እዚህም አለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም፥ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ አስተዳደሩም ጥገናውም በአሜሪካኖቹ በቲ.ደብልዩ.ኤ. ሰዎች እጅ ነበረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲገቡ የአብራሪዎችና የቴክኒሺያኖች ትምህርት ቤት በአገር ውስጥ እየተደራጀ መጣ። በ1984 የአየር መንገዱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ፥ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን እስከዚያ ያልደረሰበት ርቀት ነበረ፤ እንዲህ ያለ በረራ የሚቻለው ሞተሩ ነዳጅ ሲቆጥብ ነው። ዛሬ በቦሌ የሞተር ጥገና ክፍል ኢትዮጵያውያን ቴክኒሺያኖች የጄት ሞተር ይፈታሉ፥ ያድሳሉ፥ በመፈተኛ ቤት አስነሥተው ይመዝናሉ፤ የሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶችም ይጠቀሙበታል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሳይገናኙ የቀሩት የመኪናው ሠሪና ጠጋኙ እዚህ ተገናኝተዋል።

ሥራው ግን በሞተር ደረጃ የሚያበቃ አይደለም። ሞተሩን የሚፈታ አገር እያንዳንዱን የተበላ ክፍል ወደ ውጭ የሚልክ ከሆነ፥ የማደሻው ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይወጣል፤ አውሮፕላኑም ክፍሉ እስኪመለስ ይቆማል። ስለዚህ በእቶንና በማጣበቂያ የሚሠራ፥ ሰው የማያየው ትንሽ ሥራ ከትልቁ ግዢ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች እቶን መሥራት አንችልም፤ ማድረግ የምንችለው ሌላ አለ። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉ የጋራዥ ሰዎች፥ በአልዩ አምባና በይፋት ቆላ ወፍጮ የሚወቅሩ እናቶች፥ ማረሻ የሚያበጁ ባለ እጆች የሚያውቁትን ልክና የሚናገሩበትን ቃል በጽሑፍ መሰብሰብ እንችላለን። የሞተር ወፍጮ በየከተማው ስለ ገባ የእጅ ወፍጮ የሚወቅሩት እያነሱ ናቸው። ወደ ቆላው የሚወርድ የኮሌጃችን ተማሪ ሁሉ ከአንዲት ወፍጮ ዋቃሪ ዘንድ ተቀምጦ የመሣሪያዎቿን ስምና የሥራዋን ተራ ጽፎ ቢመጣ፥ ለሚቀጥለው ጥናት መነሻ ይሆነናል።