የቦይለር ጽዳትና ጥገና

ቦይለር በኢትዮጵያ የዕለት ተዕለት አነጋገር ውሃ አጠራቅሞ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዝግ በርሜል ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ማፍያ» ማለት ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ባሉ ድርጅቶች ቦይለር የሚባለው እንፋሎት የሚያመነጨው ትልቅ ማሽን ነው። ብርድ በሚጸናባቸው የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የቤቱን ክፍሎች በሙሉ የሚያሞቀው መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትና የሆቴል የውሃ ማሞቂያን ነው።

አሠራር

በርሜሉ ከብረት ይሠራል። ውስጡ ዝገት እንዳይበላው በኢናሜል ይለበጣል፣ ዙሪያው ሙቀት እንዳያመልጥ በፎም ይሸፈናል። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ የሞቀው ከላይኛው ክፍል በቧንቧ ይወጣል። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው የሚወጣው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚገፋው ነው። ስለዚህ በትክክል የሚሠራ ቦይለር ምንጊዜም ሙሉ ነው።

ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ሬዚስታንስ፦ ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዘንግ።
• ቴርሞስታት፦ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ።
• የማግኒዥየም ዘንግ፦ ከበርሜሉ ብረት ቀድሞ በመበላት በርሜሉን ከዝገት የሚያድን ዘንግ።
• ሴፍቲ ቫልቭ፦ ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ውሃ የሚያስወጣ መክፈቻ።

50 ሊትር የሚይዝና 1,500 ዋት የሚስብ ቦይለር 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነን ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል።

የአደጋ ምክንያቶች

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 50 ሊትሩ ውሃ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ መመለሻ በሌለበት ይህ ትርፍ የሚወጣው በሴፍቲ ቫልቩ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ጊዜ ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ጠብታውን ለማስቆም ቫልቩን መድፈን ግን ትልቁ ስሕተት ነው።

ይህን ለመረዳት የውሃን የመፍላት ባሕርይ ማየት ይረዳል። ቢቸናና ሞጣ፣ በመካከላቸው የምትገኘው ግንደወይንም፣ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፤ ከዚያም በላይ አይሞቅም። በዝግ በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ ግን ግፊት ስላለበት በዚህ ሙቀት አይፈላም። ቴርሞስታቱ ቢበላሽና ግፊቱ 3 ባር ቢሆን፣ ውሃው ሳይፈላ 140 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ በርሜሉ ቢቀደድ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ከውሃ 1,600 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ ፍንዳታ ይከተላል።

ሁለተኛው አደጋ በባዶ በርሜል ማብራት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ፣ መብራት ሄዶ ከውሃው ቀድሞ ሲመለስ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ከሌለ የበርሜሉ ውሃ ወደ መስመሩ ሊፈስ ይችላል፤ በውሃ ያልተሸፈነ ሬዚስታንስም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ከነበረ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ያለማቋረጥ መውረዱ ሳይረጋገጥ ቦይለር አይበራም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሬዚስታንሱ ሽፋን ቢሰነጠቅ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ሊያልፍ ይችላል። መከላከያው በትክክል የተዘረጋ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ መስመሩን የሚያቋርጥ ብሬከር ነው። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ገላ ከመታጠብ በፊት ብሬከሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

የማጽዳት ቅደም ተከተል

ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሲሞቅ በሬዚስታንሱ ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ስለሚከለክል ዘንጉ ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ማሞቂያው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቅርፊት የሚያበዛ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ቤቶች ደግሞ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ቢጸዳ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ሥራ የማያውቅ ሰው ከ4ኛው ተራ ቁጥር ጀምሮ ያለውን ለባለሙያ መተው አለበት።

1. ብሬከሩ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል። የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም።
2. ሙቁ ውሃ ተቀድቶ ያልቃል ወይም እስኪበርድ ይጠበቃል።
3. የቀዝቃዛው ውሃ ሳራቺኔስካ ይዘጋል፤ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይከፈታል፤ ውሃው ከታች በጎማ ይፈስሳል።
4. የሽቦዎቹ አቀማመጥ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ሽቦዎቹና ብሎኖቹ ተፈትተው ሬዚስታንሱ ይወጣል።
5. የበርሜሉ ዝቃጭ ይታጠባል። ሬዚስታንሱ በአቼቶ ተዘፍዝፎ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቃል፤ በመዶሻ አይመታም። አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና።
6. የማግኒዥየም ዘንጉ ተበልቶ ከቀጠነ ይቀየራል።
7. አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ብሎኖቹ በትይዩ ይጠብቃሉ። ሽቦዎቹ፣ የመሬት ሽቦው ጭምር፣ በቀድሞ ቦታቸው ይታሰራሉ።
8. በርሜሉ በውሃ ይሞላል፤ ከሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር ያልተቀላቀለበት ውሃ እስኪወርድ ይጠበቃል። የሚያፈስ ቦታ አለመኖሩ ከታየ በኋላ፣ በመጨረሻ ብሬከሩ ይበራል።

በየወሩ የሚደረግ ፍተሻ

የሴፍቲ ቫልቩ እጀታ ለአፍታ ተነሥቶ ውሃ መውጣቱና ሲለቀቅ መዘጋቱ ይታያል። የሚወጣው ውሃ ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጅ ይራቃል። ምንም ውሃ ካልወጣ ቫልቩ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ ቦይለሩ ጠፍቶ ቫልቩ ይቀየራል።

ቦይለሩ ሳይሞቅ ጭምር ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቫልቭ፣ ዝገት የቀላቀለ ውሃ፣ በሚሞቅበት ጊዜ የሚሰማ የመንጫጫት ድምፅ፣ በተደጋጋሚ የሚወድቅ ብሬከርና ቧንቧ ሲነካ የሚሰማ ንዝረት ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች ናቸው። ንዝረት ከተሰማ ብሬከሩ ወዲያውኑ ይጠፋል።

የሙቀት መጠን

ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በ60 ዲግሪ ግን ይሞታል። ስለዚህ ቴርሞስታቱን በጣም ዝቅ ማድረግ አይመከርም። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ ደግሞ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆችና አረጋውያን ባሉበት ቤት ቀዝቃዛው ውሃ ቀድሞ ተከፍቶ ሙቁ በኋላ መቀላቀል አለበት።